ሃምሳ ሎሚ ለአንድ መምህር

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህ ተረት ስለ ኅብረት ጥቅም የተነገረ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ግን በዚህ ሰሞን ያሳሰበኝ የተረቱ የፊተኛው ክፍል ነው። ሎሚው ሕፃን ልጅ፣ ተሸካሚው አንድ መምህር ሲሆን፣ ቍጥሩም ሃምሳ መሆኑ ቀርቶ ሰባና ሰማንያ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ በላይ ሲደርስ ነገሩ እንዴት ይሆናል?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ አንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ተመርቆ በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የተቀጠረ፣ ሥራውን የሚወድና ቍጥር አጣርቶ የሚጽፍ ወጣት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምቦ ላይ ተገናኝተን ቡና ስንጠጣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣

«አንተ፣ ደስ ይበልህ! በአንደኛ ደረጃ ለሃምሳ ተማሪ አንድ መምህር የሚለውን ደረጃ ዘንድሮ አሟልተናል» አለኝ።

«እሰየው» አልሁትና፣ «1ኛ ክፍል ውስጥስ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እሱ ከትምህርት ቤቱ ሲነሣ በየክፍሉ ተጽፎ ይመጣል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ይደመራል። ወደ ላይ የምንልከው ድምሩን ነው» አለኝ።

ወዳጄ የተናገረው እውነት ነው፤ በሥራውም አንዳች ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጕዳይ በሙሉ ያለው በዚያች «ይደመራል» በምትለው ቃል ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው አንድ አድርጎ የሚያያቸው ሁለት ቍጥሮች አሉ። አንደኛው የተማሪና የመምህር ጥምርታ ይባላል፤ የተማሪዎቹ ብዛት ለመምህራኑ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሁለተኛው የተማሪና የክፍል ጥምርታ ነው፤ ተማሪዎቹ በሚማሩባቸው ምድቦች ብዛት ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ የተወሰነው ልክ ለሁለቱም 50 ሲሆን፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። ሁለቱ ቍጥሮች በአንድ ስም ቢጠሩም በአንድ መንገድ አይሄዱም። ይህንንም ለማስረዳት ከራሴ አንድ ምሳሌ ልሥራ።

ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። 480 ተማሪዎችና 12 መምህራን አሉት። 480ን ለ12 ብናካፍል 40 ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህ ትምህርት ቤት ደረጃውን ያለፈ ነው። ነገር ግን ያሉት የመማሪያ ክፍሎች ስድስት ብቻ ናቸው። በላይኛዎቹ ክፍሎች መምህራን የሚያስተምሩት በየትምህርቱ ዐይነት ስለሆነ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌላው በመምህራን ማረፊያ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ተማሪ በአማካይ 80 ነው እንጂ 40 አይደለም።

ይህም አማካይ ራሱ ያታልላል። ልጆቹ በየክፍሉ እኩል አልተከፈሉምና። 1ኛ ክፍል 130፣ 2ኛ ክፍል 95፣ 3ኛ ክፍል 80፣ 4ኛ ክፍል 70፣ 5ኛ ክፍል 55፣ 6ኛ ክፍል 50 ቢሆኑ ድምራቸው ያው 480 ነው። አሁን ደግሞ መዝገቡን ትተን ልጆቹን አንድ በአንድ «በክፍልህ ውስጥ ስንት ናችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸውና መልሳቸውን ብናማክለው፣ 89 ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱም በተጨናነቀው ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ናቸው። እንግዲህ ያው አንድ ትምህርት ቤት በጽሕፈት ቤቱ ዘንድ 40፣ በርእሰ መምህሩ ዘንድ 80፣ በልጁ ዘንድ 89፣ በ1ኛ ክፍል መምህርት ዘንድ 130 ነው። ከአራቱ አንዱም ሐሰት አይደለም። ወደ ላይ ተጽፎ የሚሄደው ግን የመጀመሪያው ነው።

ይህን ስሌት በልቤ ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሸነን ሄድሁ። ሸነን የጅባት ወረዳ ከተማ ነው፤ ከአምቦ በስተ ደቡብ ምዕራብ በደጋው ላይ ይገኛል። እኔም ፊደል የቆጠርሁት በዚያው አካባቢ ነው። ያስተማሩኝ መምህርት ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ቀርቷቸው ዛሬም 1ኛ ክፍል ያስተምራሉ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ የማወራው ስለ አንድ ቤት ሳይሆን ስለ ብዙዎች ነውና።

ስደርስ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ጕሙ ገና ከምድር አልተነሣም። በክፍሉ ውስጥ ለሦስት ልጅ በተሠራው ደስክ ላይ አምስት አምስት ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከፊት ደግሞ ከሰሌዳው ሥር ጆንያ ተነጥፎላቸው የተቀመጡ አሉ። በደስኮቹ መካከል መተላለፊያ ስለሌለ መምህርቲቱ ወደ ኋላ ለመሄድ ቢፈልጉ ልጆቹን ማስነሣት ግድ ይሆንባቸዋል። ትምህርቱ የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። «ኢጆሌ!» ሲሉ ያ ሁሉ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ በዚህስ በጣም አደነቅኋቸው። ከዚያ በሰሌዳው ላይ የተጻፉትን የቁቤ ፊደሎች በእንጨት እያመለከቱ ሲጠሩ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሏቸው። ቤቱ ተናወጠ። በመስኮት የሚሰማ ሰው ቢኖር «ጎበዞች!» ማለቱ አይቀርም።

እኔ ግን ከኋላ ቆሜ ስለነበር ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ልጅ ዐየሁ። እንደ ጓደኞቹ አፉን ይከፍታል፤ ድምፁም ከማንም አያንስም። ዐይኑ ግን ሰሌዳው ላይ የለም። በፊቱ የተዘረጋው ደብተርም ተገልብጦ ነው የተቀመጠው።

በዕረፍት ሰዓት ይህን ስነግራቸው መምህርቲቱ አልተቈጡም፤ አልተገረሙምም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ባንድ ላይ ሲሉ ሁሉም ያውቃሉ። ማን እንዳወቀ የሚታወቀው ለብቻው ሲጠራ ነው። ለብቻ ልጥራ ስል ደግሞ ደወሉ ይቀድመኛል።»

«ስንት ናቸው?» አልኋቸው።

«ዛሬ ገበያ ስለሆነ የቀሩ አሉ። በመዝገቡ ከመቶ በላይ ናቸው።»

«እኔንስ ያስታውሱኛል?»

ሣቁና፣ «አንተማ ከፊት ነበር የምትቀመጠው፤ እንዴት እረሳሃለሁ!» አሉኝ።

ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ትምህርት ቤት የገባ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ቁመቱ ከእኔ ስለሚበልጥ ከኋላ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት አዝመራ ሲደርስ ዝንጀሮ ሊጠብቅ ሄደ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ስሙን ጠርቼ ጠየቅኋቸው። ብዙ ጊዜ አስበው፣ አዝነውም፣ አላስታወሱትም።

«ደወሉ ይቀድመኛል» ያሉት ነገር ማጋነን አለመሆኑን በቍጥር እንየው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ስም ለመጥራት፣ ለማስቀመጥና ሰሌዳ ለማጥፋት 5 ደቂቃ ቢሄድ 35 ደቂቃ፣ ማለት 2,100 ሴኮንድ ይቀራል። ክፍሉ ውስጥ 35 ልጆች ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደቂቃ ይደርሳቸዋል። 70 ቢሆኑ ግማሽ ደቂቃ፣ 130 ቢሆኑ ደግሞ 16 ሴኮንድ ብቻ ነው። ይህም መምህሩ ምንም ሳያስረዳ ሙሉውን ጊዜ ልጆቹን ሲሰማ ቢውል ነው። በ16 ሴኮንድ አንድ ሕፃን ተነሥቶ ቆሞ፣ ፈርቶ፣ ጕሮሮውን ጠርጎ አንዲት ቃል ለማንበብ አይበቃውም።

የደብተሩም ነገር እንዲሁ ነው። መምህሩ አንዱን ደብተር አይቶ ለማረም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅበት፣ 70 ደብተር 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስድበታል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤት ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ነው። በቀን አራት ትምህርት አስተምሮ የአራቱንም ደብተር አርማለሁ ቢል 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደብተሩ ሳይታረም ቢመለስ «መምህሩ ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት ይህን ስሌት እናስታውስ።

አንባቢዬ ምናልባት «እንግዲያውስ ድሮ ይሻል ነበር፤ ያኔ ክፍሉ ሰፊ፣ ተማሪው ጥቂት ነበር» ይል ይሆናል። ይህን አሳብ ብዙ ሽማግሌዎች ሲናገሩት እሰማለሁ። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ሹማምንት በአዲስ አበባ ተሰብስበው በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ ማለት በፈረንጆች 1980 ዓመት፣ የአህጉሩ ሕፃን ሁሉ በነጻ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ግብ ቈረጡ። ጉባኤውን ያስተናገደችው ኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱ ልጆች ቍጥር ከኋለኞቹ አገሮች አንዷ ነበረች። የተባለውም ዓመት ግቡ ሳይደረስ አለፈ። በ1987 ዓ.ም. እንኳ በመላው አገሪቱ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት ከ3 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ከደረሰ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ከአራቱ አንዱ ያህል መሆናቸው ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ መምህር የሚደርሰው ተማሪ ከ40 በታች ነበር። ክፍሉ የሰፋው ሦስቱ ልጆች ከብት ጥበቃ ስለዋሉ ነው። እንዲህ ያለውን ስፋት ማንም ሊመኘው አይገባም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ የትምህርት ክፍያም ቀረ። ልጆቹም መጡ። ጎርፍ ሆነው መጡ ብል ይሻላል። መምህራንና ክፍሎች ግን በዚያ ፍጥነት ሊበዙ አልቻሉም። መምህር ለማሠልጠን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሕፃን ግን መስከረም ሲጠባ እናቱ እጁን ይዛ ታመጣዋለች። በ1997 ዓ.ም. ለአንድ መምህር የሚደርሰው ተማሪ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ ከ65 በላይ ሆነ። እኔና ያ የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ ጥቂት ቈይተን ነው የገባነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መምህራን ሠልጥነው ቍጥሩ በ2002 ዓ.ም. ወደ 50 ገደማ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከ50 በታች ወረደ፤ ተማሪዎቹም ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ነገር ግን በዚያው በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የሕፃናት የማንበብ ችሎታ ሲፈተን፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችል ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሌሎች ጋር አብረው እየጮኹ፣ አንዲት ቃል! ደብተሩን ገልብጦ የያዘውን ልጅ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። ከእነዚህ ልጆች ጋር በአንድ ዘመን 1ኛ ክፍል የገቡት በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ደረሱ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ስለ 12ኛ ክፍል ብዙ ተባለ፤ ብዙ ተጻፈ። ስለ 1ኛ ክፍል የተናገረ ግን ጥቂት ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እንደ መሆኔ በየዓመቱ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል የሚደርሱልኝን ዐያለሁ። የደከሙት እኔ ጋ አይደለም፤ ደክመው ነው የመጡት።

እንግዲህ የክፍሉን ተማሪ መቀነስ ብቻውን በቂ መድኃኒት ይሆን? በዚህ ነገር ላይ ዓለም ብዙ ዘመን ተከራክሯል። በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው አይሁዳዊ ሊቅና ሐኪም ማይሞኒደስ 25 ሕፃናት በአንድ መምህር ይማሩ፤ ከ25 በላይ እስከ 40 ከሆኑ ረዳት ይጨመርለት፤ ከ40 ካለፉ ሁለት መምህራን ይቀጠሩ ብሎ ሕጉን ጽፎ ነበር። በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በፈረንጆች 1985 ዓ.ም. በተጀመረው ምርምር፣ በ79 ትምህርት ቤቶች ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት፣ ገሚሱ ከ22 እስከ 25 ባሉበት ክፍል ተማሩ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ሲከታተሏቸው በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በልጠው ተገኙ። ይበልጥ የተጠቀሙትም ጥቁሮቹ ልጆች ነበሩ።

ይህን ሰምተን ወዲያው እንዳንፈርድ ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንመልከት። ኬንያ በፈረንጆች 2003 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነጻ ስታደርግ እንደኛው ክፍሎቹ ሞልተው ፈሰሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ለ140 ትምህርት ቤቶች ለ1ኛ ክፍል አንድ አንድ ተጨማሪ መምህር በኮንትራት ተቀጠረላቸው፤ በአንድ ክፍል የነበረው ተማሪም ከ82 ወደ 44 ወረደ። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ። ከነባሩ መምህር ጋር የቀሩት ልጆች ቍጥራቸው በግማሽ ቢቀንስም ያን ያህል አልተሻሻሉም፤ ሸክሙ ሲቀልለት ነባሩ መምህር ከክፍል መቅረት አብዝቶ ነበርና። ከአዲሱ መምህር ጋር የተማሩት ተሻሻሉ። እንዲሁም ልጆቹ በዕውቀታቸው ልክ ተከፍለው በተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ደካማውም ብርቱውም ተጠቀመ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሎሚውን ከሃምሳ ወደ ሃያ አምስት ዝቅ ማድረግ ተሸካሚውን ያሳርፈዋል እንጂ በራሱ መንገዱን አያስጨርሰውም። ለልጁ የሚጠቅመው ነገር የቍጥሩ ማነስ ሳይሆን ከቍጥሩ ማነስ የሚያገኘው ተራ ነው። መምህሩ ፊት ለብቻው ቀርቦ «ይህን አንብብ» የሚባልበት፣ ሲሳሳት የሚታረምበት፣ ሲያውቅ የሚመሰገንበት ተራ። ትልቅ ክፍል የሚጎዳው ይህን ተራ ስለሚነጥቅ ነው። ትንሽ ክፍልም ይህን ተራ ካልሰጠ ጥቅም የለውም።

ይህን አሳብ ከውጭ አገር መበደር አያስፈልገንም። የቄስ ትምህርት ቤታችንን እናስታውስ። የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንዱ ሀሁ ይቈጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ጀምሯል፤ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም ይጮኻል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚጮኸው የራሱን ነው። የቀደመው የኋለኛውን ያስቈጥራል፤ የኔታም በተራ በተራ እየጠሩ ይሰሙታል። ያልያዘ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ ሉሑን ይዞ ለብቻው መምህሩ ፊት ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ላንካስተር በፈረንጆች 1798 ዓ.ም. በሎንዶን ትምህርት ቤት ከፍቶ በትልልቆቹ ተማሪዎች ረዳትነት በአንድ አዳራሽ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆችን በማስተማሩ ዝናው ዓለምን ዞረ፤ እኛ ዘንድ ይህ ዐዲስ ነገር አልነበረም። የቀድሞው ትምህርት ጕድለት እንዳለበት አልክድም፤ አለንጋው ብዙ፣ መጻፉ ጥቂት ነበር። ነገር ግን የልጁን ተራ አልበላም።

በዚህም መሠረት እኔ የሚታየኝን ልናገር። መምህር መቅጠርና ክፍል መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ እሱን ለበጀት ሰዎች እንተወው። ያለ ብዙ ገንዘብ ሊደረግ የሚቻል ግን አለ።

በመጀመሪያ፣ መምህራንና ክፍሎች ሲደለደሉ ከታች ወደ ላይ ይደልደሉ። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው። የክልል ፈተና ስላለባቸው ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል የተመረጠው መምህር ይሰጣል፤ ትናንት ከኮሌጅ የመጣው ልጅ 1ኛ ክፍል ይመደባል። ይህ ቤት ሲሠራ ለጣራው ጥሩ አናጢ ፈልጎ መሠረቱን ለተለማማጅ እንደ መተው ነው። በምሳሌዬ ባነሣሁት ትምህርት ቤት ካሉት 12 መምህራን ሁለቱ ለ1ኛ ክፍል ቢሰጡና ልጆቹ በፈረቃ ተከፍለው ገሚሱ ጧት ገሚሱ ከሰዓት በኋላ ቢማሩ፣ 130ው ያለ አንድ ተጨማሪ ክፍል ወደ 65 ይወርዳል። ፈረቃ የልጁን ሰዓት እንደሚያሳጥር ዐውቃለሁ። ነገር ግን ከሙሉ ቀን ጩኸት ግማሽ ቀን ተራ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ በክፍሉ ውስጥ የዕውቀት ደረጃ ይለይ። ፊደል የለየው ፊደል ካልለየው ጋር አብሮ ሲጮኽ ሁለቱም ይጎዳሉ። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ እንኳ ልጆቹ በችሎታቸው በቡድን ተቀምጠው፣ ከላይኛው ክፍል የመጡ ጎበዝ ተማሪዎች ሲያስነብቧቸው፣ መምህሩ ከየቡድኑ እየዞረ ሊሰማ ይችላል። የ1ኛ ክፍል ልጅ የ6ኛ ክፍል ተማሪን እንደ ታላቅ ወንድም ያያል፤ ያስነበበውም ተማሪ ራሱ ሳያውቀው ይማራል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው እናንተን፣ በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁትን ወጣት ሠራተኞች ይመለከታል። ድምር በምትሠሩበት ጊዜ የ1ኛ ክፍልን ቍጥር ለብቻው አንድ መስመር ስጡት። ትምህርት ቤቱ ቍጥሩን ጽፎ ልኮላችኋል፤ የሚጠፋው እናንተ እጅ ላይ ነው። «የወረዳችን ጥምርታ ይህን ያህል ነው» ካላችሁ በኋላ፣ «ከሁሉ የተጨናነቀው የ1ኛ ክፍል ምድብ ይህን ያህል ልጆች አሉበት» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት። አለቃ ያላየውን ነገር አያዝንለትም፤ በጀትም አይመድብለትም።

ተማሪዎች ለሆናችሁት አንባቢዎቼም አንድ ነገር ልበል። ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችሁ ስትመለሱ በሠፈራችሁ 1ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ጠርታችሁ፣ አንድ መጽሐፍ ከፍታችሁ «አንብብልኝ» በሉት። ከቻለ አመስግኑት። ካልቻለ ሁለት ወር አላችሁ። በአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ሲማር ገና ልጅ ሳለ ነበር ተውኔት መጻፍ የጀመረው። ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው ልጅ በውስጡ ምን እንደ ያዘ የሚያውቅ የለም፤ ጠይቆት የሚያውቅ የለምና።

ወዳጄን ባለፈው ቅዳሜ እንደ ገና አግኝቼው ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፣ በሚመጣው ሪፖርት አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ አለቃዬ ይሰርዘው እንደሆን እንጃ» አለኝ።

«ይሰርዘው» አልሁት፤ «ሲሰርዘው ግድ ያነበዋል።»